የብርቅዬ ካርድ እንዴት ማስተር ፕላን ሆነ

ብርቅዬ ስትናደድ የግቢው ውሻ ቀድሞ ቤት ይገባል። ቁመቷ ከውሃ ጀሪካን ብዙም አይበልጥም፤ ድምጿ ግን ቡራዩ ቆማ ስትጣራ አስኮ ላይ ያለ ሚኒባስ ተሳፋሪ የቀረው መስሎት ያቆማል። ጎረቤት ባልና ሚስት ሲጣሉ «ኧረ ቀስ በይ፣ ብርቅዬ ሰምታ ትመጣለች» ይባባላሉ። በቡራዩ፣ በሰበታና በሱሉልታ ካሉት የበዓል ካርዶች ሁሉ ልብ የሚያለሰልሰውን በእጇ የምትሠራው ይህችው ሴት ናት።

ሥራዋ አዲስ አበባ፣ አንድ ማተሚያ ቤት ውስጥ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ወረቀት መቁረጫ ማሽን ላይ ቆማ አንድም ጣት አልጎደለባትም። ባልደረቦቿ ማሽኑ ስለሚፈራት ነው ይላሉ። ድሮ ቤቷ አራት ኪሎ ጀርባ ነበር። የሰፈሩ ቤቶች ለልማት ሲፈርሱ እሷም እንደ ብዙዎቹ ዕቃዋን በአይሱዙ ጭና ወደ ዳር ወጣች፤ አዴ ገለቴ ግቢ ሁለት ክፍል ተከራየች። ዘጠኝ ዓመት ሆናት።

አዴ በኦሮምኛ ለእናት የሚሰጥ አክብሮት ነው፤ አዴ ገለቴ ባላቸው የሞቱባቸው አርሶ አደር ናቸው። ከግቢያቸው ጀርባ ወደ ገፈርሳ ግድብ የሚወርድ የድንች ማሳ፣ ሁለት ላምና አንዲት ጊደር፣ ጉተማ የሚባል አንድ ወንድ ልጅ አላቸው። ብርቅዬን «ኢንተሎ» ነው የሚሏት፤ ልጅት ማለታቸው ነው። አምሳ ዓመት የሞላትን ሴት ልጅት የሚል ሰው ምድር ላይ እሳቸው ብቻ ቀርተዋል፤ ብርቅዬም ለሳቸው ብቻ ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች።

ከሱቅ የሚገዛ ካርድ ብርቅዬን ያሳምማታል። «በረዶ የለበሰ ጥድ ለማን ነው? ቡራዩ ላይ በረዶ የጠረገ ማን ነው?» ትላለች። የእሷ ካርድ ለአንድ ሰው ብቻ ይሠራል፤ ለሌላ ቢሰጥ ትርጉም የለውም። ለባለ ሱቁ ለአብዶ የሱቁን ሚዛን ትስልና በአንዱ ሳህን ላይ የእሱን አውራ ጣት ታስቀምጣለች። አብዶ በሳቅ ይወድቃል፤ ካርዱን ግን ደንበኛ በማያየው በኩል ይሰቅለዋል። ለፀጉር ሠሪዋ ለሳምሪ፣ ካስኩ ሥር ተቀምጣ ከማድረቂያው ማሽን ጋር ሐሜት የምትለዋወጥ ሴት ትስላለች። ማንም አይቀየማትም። ተቀይሞስ የት ይደርሳል።

ወረቀቱ ከማተሚያ ቤቱ የሚጣለው ነው። ቀለሙ የሸሸ፣ ገጹ የተዛነፈ፣ ደንበኛው መሀል ላይ ሐሳቡን የቀየረበት ወፍራም ወረቀት በወር አንዴ በጭነት መኪና ተጭኖ ይሄዳል፤ ፈጭተው ካርቶን ያደርጉታል። ከዚያ በፊት ብርቅዬ ጥቂቱን ጠቅልላ ነጠላዋ ሥር ታገባለች። ይህ ክልክል ነው። ፎርማኑ አቶ መልከጼዴቅ ግን በዚያች ደቂቃ ዘወር ብለው ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ ያጠናሉ። አገሪቱ ውስጥ እንደሳቸው ቀኑን ጠንቅቆ የሚያውቅ ፎርማን የለም።

የተጣለ ወረቀት አንድ ገጹ ሁሌም የታተመ ነው፤ ብርቅዬ ለዚያ መላ አላት። ትልቁን ወረቀት ስምንት ቦታ ትቆርጠዋለች። እያንዳንዱን ቁራጭ የታተመው ወደ ውስጥ፣ ነጩ ወደ ውጭ እንዲሆን አድርጋ ሁለት ታጥፈዋለች። ከዚያ ከፉርኖ ዱቄት ባፈላችው ሙጫ ዙሪያውንም መሀሉንም ትለጥፈዋለች። ሲደርቅ ከሁለት ወገን ነጭ የሆነ፣ እንደ ጣውላ የደረቀ ካርድ ይወጣል። ውስጡ ምን እንደታተመበት ተቀባዩ አያውቅም፤ እሷም በሁለተኛው ቀን ትረሳዋለች። የሙጫዋ ጥንካሬ ይህ ነው አይባልም፤ የከተማችን አስፋልት በእሱ ቢለጠፍ ኖሮ እስከ ዛሬ አንድ ጉድጓድ አናይም ነበር።

የሁለት ሺህ ስምንት ገና ሲቃረብ ያመጣችው ሦስት ትልልቅ ወረቀት ነበር። አዲስ አበባ ለሚከፈት አንድ የገና ባዛር የሱቆች አቀማመጥ ንድፍ ነው፤ የትኛው ነጋዴ የት እንደሚቆም፣ ሰው በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ የሚያሳይ። አዘጋጁ ከታተመ በኋላ «ሱቆቹን ሁሉ አዛውሬያለሁ» ብሎ ሌላ አሳተመ፤ የመጀመሪያው ተጣለ። ሦስት ወረቀት፣ ሃያ አራት ካርድ። ወደ ሰበታ ለእህቷ፣ ወደ ሱሉልታ ለአጎቷ ልጅ ለያቤጽ፣ የቀረው ለቡራዩ።

ያ ዓመት ደግሞ የማስተር ፕላኑ ዓመት ነው። ፕላኑ መጣ ይባላል እንጂ በእኛ ሰፈር ያየው ሰው አልነበረም። አዲስ አበባን ከዙሪያዋ ከተሞች ጋር የሚያያይዝ ነው ተባለ፤ ገበሬው «መሬቴ ሊሄድ ነው» አለ፤ ወጣቱ መንገድ ወጣ። ስለ ፕላኑ ሊያስረዱን ስብሰባ የጠሩን አላዩትም። ስብሰባውን ረግጠን የወጣነው አላየነውም። ለምን ትቃወማላችሁ ብለው የሚያስሩንም አላዩትም። ሰው ሁሉ ያላየውን ነገር በየማሳው ላይ እየሣለ አደረ። አንዱ መንገድ ቤቴን ይቆርጣል ይላል፤ ሌላው ፋብሪካ ጓሮዬ ይቆማል ይላል። ወረቀቱን አውጥቶ «ይኸው፣ ተመልከቱ» የሚል አንድ ሰው ቢገኝ ግማሹ ነገር ይበርድ ነበር። አልተገኘም። ማን ለገበሬ ካርታ ያሳያል።

በታኅሣሥ አንድ ማለዳ አውራ ጎዳናው በድንጋይ ተዘጋ፣ ጎማ ነደደ፣ ጥይት ተተኮሰ። የመምህራን ኮሌጅ ተማሪው ጉተማ ትምህርት ተቋርጦ እናቱ ጋ ነበር። ተኩሱን ሰምታ የፈረጠጠችውን ጊደር ሊመልስ መንገድ ዳር ወጣ። ጊደሯ አመለጠች፤ እሱ አላመለጠም። ከሌሎች ጋር ጭነው ወሰዱትና ለጊዜው ማቆያ በተደረገ አሮጌ የእህል መጋዘን አስገቡት። ኃላፊው ኢንስፔክተር ዘርሁን የሚባል ሰው ነው። አዴ ገለቴ በየቀኑ ስንቅ ይዘው ይሄዳሉ። ሽማግሌዎች ተመላልሰው ለምነው ዋስ ተጠራና ጉተማ በገና ማግስት ሊለቀቅ ተወሰነ።

ብርቅዬ ለጉተማ የሳለችለት ያችን ጊደር ነው። ጊደሯ የግቢውን በር በቀንዷ ገፍታ እየገባች ወደ ኋላ ዞራ ታያለች፤ ከሥሯ «እኔ ገብቻለሁ፤ አንተን ነው የምንጠብቀው። እንኳን አደረሰህ» ይላል። አዴ ገለቴ ማንበብ አይችሉም፤ ግን ጊደሯን አይተው አለቀሱም ሳቁም። በገና ዋዜማ ከዳቦው ጋር ይዘውት ሄዱ።

መጋዘኑ በር ላይ ያለው ጠባቂ ዳቦውን አራት ቦታ ቆረሰ፣ ወጡን በእንጨት አማሰለ፤ ወጥ ውስጥ ታንክ የሚፈልግ ነው የሚመስለው። ካርዱን በጣቱ ለካው።

«ይሄ ለምን ወፈረ?»

በሰንጢ በጎኑ በኩል ለሁለት ሰነጠቀው።

በገና ዕለት አዴ ገለቴ ከማቆያው ሲመለሱ ብርቅዬ ደጃፏ ላይ ነበረች።

«እንኳን አደረሶት አዴ። አየሎት? ጉተማ ጊደሯን አየ?»

አዴ ገለቴ ነጠላቸውን አውልቀው አጥሩ ላይ ጣሉት። በኦሮምኛ ጀምረው በአማርኛ ጨረሱት።

«ማል ጎኔ ሲ? ምን አደረግንሽ እኛ? ዘጠኝ ዓመት ከጓሮዬ ጎመን የቀጠፍሽ ልጅት፣ ምን አደረግኩሽ?»

«ምን ሆኑ?»

«ያንን ፕላን በእኔ እጅ ለልጄ ሰደድሽው። ጊደር ሣልሽበት፣ ውስጡን ፕላን አደረግሽው። ዘርሁን ራሱ አሳየኝ። ሳጥን፣ ሳጥን፣ ሳጥን፣ ሁሉም ቁጥር አለው። አሥራ አራት የሚለው የኔ ድንች ማሳ ነው። ሰማያዊው ክብ ገፈርሳ ውሃው ነው። ቀይ ቀስት አለ፤ በቤቴ መሀል ያልፋል።»

እዚህ ላይ ብርቅዬ የሕይወቷን ትልቅ ስህተት ሠራች። ሳቀች። ያቺ ሳጥን የጫማ መሸጫ እንደሆነች፣ ሰማያዊው ክብ ልጆች የሚንቦራጨቁበት የፕላስቲክ ገንዳ እንደሆነ ትዝ አላትና፣ ግቢው እስኪነቃነቅ ሳቀች።

«አዴ፣ ባዛር ነው እኮ። የገና ባዛር። ጫማ የሚሸጥበት።»

«ማሳዬን አውቀዋለሁ» አሉ አዴ ገለቴ በጣም ዝግ ብለው። «ስትስቂ ደግሞ አየሁሽ። ዋሱን ሰርዘውታል፤ ልጄ አይወጣም። አንቺ ማሳዬ እንደሚሄድ እያወቅሽ በሊጥ ለጥፈሽ ደበቅሽኝ። ከዛሬ ጀምሮ እኔን አዴ አትበይኝ።»

ጉተማ ሲታሰርባቸው እንኳ እንዲህ ቀስ ብለው አልተናገሩም። ብርቅዬ መሳቋን አቆመች። ከዚያ ንዴቱ መጣ፤ ውሻውም ቤት ገባ።

በገና ማግስት ብርቅዬ ማቆያው ስትገባ ኢንስፔክተር ዘርሁን ከአንድ የትምህርት ቤት ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጧል። የተሰነጠቀው ካርድ በፕላስቲክ ከረጢት ታሽጎ ፊቱ አለ። ብርቅዬ ከተጣለ ወረቀት መሥራቷን፣ ሙጫውን፣ ባዛሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገረችው። ከመንገድ ላይ የገዛችውን፣ የሱቆቹ አዲስ አቀማመጥ የወጣበትን የባዛሩን መጽሔትም አወጣች። እሱ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ በማስመሪያ ለካ።

«እዚህ አሥራ አራት ቁጥር በር አጠገብ ነው። አንቺ ጋ አሥራ አራት ውሃው ዳር ነው። አይገጥምም።»

«ሱቆቹን አዛውረዋቸዋል አልኩ እኮ። ስላዛወሩ ነው የተጣለው።»

«ባዛር ከሆነ ባዛር የሚል የት አለ? አንድ ቃል አሳዪኝ።»

«ስምንት ቦታ ነው የተቆረጠው። ስሙ በሌላው ቁራጭ ላይ ነው።»

«እንግዲያው ሌላውን አምጪ። ሙሉውን። እስከ ሐሙስ ካልመጣ መዝገቡ ወደ ላይ ይሄዳል። ከሄደ በኋላ ልጁን እኔ አላውቀውም።»

ዓለም ላይ ስንት ጥበብ አለ፤ አንዲት ሴት የገና ካርድ ውስጥ የጫማ ሱቅ አለመደበቋን እንድታስረዳ ስድስት ቀን የሚሰጣት ጥበብ ግን የእኛ ብቻ ነው።

በማግስቱ ብርቅዬ ማተሚያ ቤቱ ሄደች። አቶ መልከጼዴቅ ነገሩን ሲሰሙ ፊታቸው ከማሽኑ ዘይት ጠቆረ።

«የቀረው ሁሉ ተጭኖ ሄዷል፤ ይሄኔ ካርቶን ሆኗል።»

«አንድ ወረቀት ለአለቃ ይቀመጥ የለ፣ ለመዝገብ?»

«ለመዝገብ የሚቀመጠው የተሳካው ነው። ስሚ ብርቅዬ፣ ከዚህ ወረቀት መውጣቱን ለፖሊስ የተናገርሽ እንደሆነ እኔ አላየሁም።»

«ቀን መቁጠሪያ ሲያነቡ ነበራ።»

«ሰረቀች ነው የምለው።»

«ይበሉ» አለች ብርቅዬ። «ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በኋላ ብላሽ ወረቀት ሰረቀች ይበሉ። እኔም ያወቅኩትን እናገራለሁ፤ በየዓመቱ ታኅሣሥ ላይ ግድግዳው ላይ ምን እንደጠፋዎት ደግሞ እርስዎ ይንገሩ።» ማሽኗን እንኳ ሳትሸፍን ወጣች። ከዚያ በኋላ አልተመለሰችም።

አሁን ያላት አንድ መንገድ ነው። የሰጠቻቸውን ካርዶች ዞራ መሰብሰብ፣ በውሃ ዘፍዝፋ ማላቀቅ፣ ቁራጮቹን ገጣጥማ ሙሉውን ወረቀት መሥራት። አንዱን በደረቁ ከፍታ አይታዋለች፤ ሙጫዋ የታተመውን ግማሹን ይዞ ተላጠ። ያ ኩራቷ የነበረው ሙጫ እጇ ላይ ጠላቷ ሆነ።

ሰው ግን ወሬውን ሰምቶ ነበር። «የብርቅዬ ካርድ ውስጥ ፕላን አለ» የሚለው ከሚኒባስ ይፈጥናል። ሳምሪ ካርዷን ካስኩ ሥር አስገብታ አቃጥላዋለች።

«ፀጉር ይቃጠል የነበረበት ማሽን እኮ ነው። አንድ ደቂቃ አልፈጀም።»

«ሐሜተኛዋስ?»

«እሷም ሄደች። ምን ላድርግ እቴ? ቤቴን ቢፈትሹስ? ባለፈው ስልክ ውስጥ ፎቶ ተገኘ ብለው የጎረቤቴን ልጅ ወሰዱት።»

አንዱ ሽንት ቤት ጥሎታል። አንዷ ቀብራዋለች፤ የት እንደቀበረችው ግን በድንጋጤ ረስታዋለች፤ ጓሮዋን እስከ ዛሬ ብትቆፍር አይገኝም። አንድ ጡረተኛ ደግሞ ካርዱን ከፍቶ የራሱን ቤት አግኝቶ፣ የሰፈሩን ሰው ጠርቶ ካሳ ስንት እንደሚገባው እያማከረ ደረሰችበት። «ይሄ የአይስክሬም መሸጫ ነው» አለችው። «ለእኔ ቤት ያሰቡት እሱን ነው?» ብሎ ባሰበት። አብዶ ግን ካርዱን ከመደርደሪያው ጀርባ አውጥቶ ሰጣት።

«ፕላን መሆኑን እያወቅሽ ነው የሰጠሽኝ?»

«አብዶ፣ አንተም?»

«ኧረ ቀልዴን ነው። ውሰጂው። አውራ ጣቴ ከነሚዛኑ ይታጠብ፤ ኦዲት የሚያስፈራኝ ሰው አይደለሁም።»

እስከ እሑድ ማምሻ ድረስ ከእሱና ካልፈሩት ጎረቤቶች የሰበሰበችውን ሁሉ በሳፋ ዘፈዘፈች። ሚዛኑ ታጠበ፣ ዶሮዎች ታጠቡ፣ የጎረቤት ሕፃን የመጀመሪያ ጥርስ ታጠበ። የሁለት ሳምንት ሥራዋ ሰማያዊና ቀይ ውሃ ሆኖ ቦይ ወረደ። ቁራጮቹን ወለል ላይ ስትገጥም ከስምንቱ ሰባቱ ቦታ ሞላ። የቀረው ስሙ ያለበት የላይኛው ጥግ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ በሦስቱም ወረቀት አንድ አንድ ነበር። አንዱ ሳምሪ ካስክ ውስጥ አመድ ሆኗል፤ ይህን ያወቀችው ከተረፈው ጫፍ ላይ ባለው ቀለም ነው። ሁለተኛው ሱሉልታ ሊሆን ይችላል ብላ ለያቤጽ ደወለች። ያቤጽ ካርዱን ምድጃ ውስጥ ከመክተቱ በፊት ከፍቶ አይቶት ነበር። «ከላይ ትልቅ ጽሑፍ ነበረው፤ መንግሥት የጻፈው መስሎኝ ሳላነበው አቃጠልኩት» አለ። ሳያነቡ ማቃጠል፣ ሳያሳዩ ማሰር፤ ሁላችንም አንድ ትምህርት ቤት የወጣን ነን።

ከተጣለውና ከተቀበረው አንዱ ካልሆነ፣ ሦስተኛው እንግዲህ ሰበታ፣ ታላቅ እህቷ ተስፋነሽ ጋ መሆን አለበት።

ሰበታ ለመድረስ ሌላ ጊዜ ሁለት ሚኒባስ ነው። ማክሰኞ ዕለት መኪናው ዓለም ገና ላይ ቆመ፤ ከፊት መንገድ ተዘግቷል ተባለ። ባጃጆቹም እንቢ አሉ። ብርቅዬ ቀሪውን በእግሯ ሄደች፤ እየሄደች ያልሰደበችው የለም። ዘርሁንን፣ መልከጼዴቅን፣ የባዛሩን አዘጋጅ፣ ፕላኑን የነደፈውን፣ እርሳሱን የቀረጸለትን። በመንገድ ያገኛት ሁሉ ጥግ እየያዘ አሳለፋት፤ ድንጋይ የደረደሩት ወጣቶች እንኳ ድንጋያቸውን ፈቀቅ አደረጉላት ይባላል።

ተስፋነሽ ካርዷን መስታወት አስገብታ አልጋዋ ራስጌ ሰቅላው ነበር። ብርቅዬ ለእህቷ የሳለችው የሞተች እናታቸውን ነው። የእናታቸው ፎቶግራፍ አንድ ብቻ ነበር፤ አራት ኪሎ ጀርባ ያለው ቤት በፈረሰበት ጠዋት ከግድግዳው ጋር ሄደ። ብርቅዬ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ፊቷን ለመሳል ስትሞክር ትቀድ ነበር። አንዴ አፍንጫው እንቢ ይላል፣ አንዴ አገጩ። በዚህ ዓመት፣ እንዴት እንደሆነ እሷም አታውቅም፣ እጇ አገኛት። ሰው ልትሰድብ ስትል ጠበብ የምትለው ግራ ዓይኗ ሳትቀር መጣች።

ተስፋነሽ ነገሩን ሰምታ ጨረሰች።

«የማን ልጅ ነው አልሽኝ?»

«የአከራዬ።»

«ለአከራይ ልጅ እማዬን ውሃ ውስጥ ልትከቻት ነው የመጣሽው።»

«በእኔ ካርድ ነው እትዬ የታሰረው።»

«በአንቺ ካርድ አይደለም የታሰረው፤ በጊደር ነው። በድንቁርና ነው። ለምን እማዬ ትከፍላለች? ደግመሽ ትስያታለሽ?»

«አልችልም። አንድ ቀን ነው የመጣችልኝ።»

«ፎቶ እናንሳት እሺ።»

የሁለቱም ስልክ መብራት እንጂ ካሜራ የለውም። ተስፋነሽ ወጥታ የጎረቤት ልጆች ጋ ሄደች። ካሜራ ያለው ስልክ የነበራቸው ልጆች ሁሉ ፍተሻ ፈርተው ስልካቸውን አንድም ሸጠውታል፣ አንድም በላስቲክ ጠቅልለው መሬት ቀብረውታል። አንዷ ቆፍራ አወጣችው፤ ባትሪው ሞቷል። መብራት ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ የለም። ከዓለም ገና የምትነሳው የመጨረሻዋ ሚኒባስ ልትሄድ ነው፤ ካርዱ የጠፋው ጥግ መሆኑ እዚሁ ሳይታይ ደግሞ መሄድ አይሆንም።

ተስፋነሽ መስታወቱን ራሷ ፈታች። ሳፋውን ራሷ ሞላች።

«በይ ክተቻት። እኔ አላይም» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ብርቅዬ ግን አየች። መጀመሪያ ነጠላው ሄደ፣ ከዚያ ፀጉሩ፣ ከዚያ አገጩ። ግራ ዓይኗ ከሁሉ ዘግይታ ቆየች። ሙጫው ሲለቅ ቁራጩ ተከፈተ፤ በትልልቅ ቀይ ፊደል «ታላቁ የገና ባዛር» የሚል ጽሑፍ ሥር አንድ ሳንታ ክላውስ ጥርሱን እያሳየ ወደ መጫወቻው ይጠቁማል።

ረቡዕ ማለዳ ሬዲዮው ማስተር ፕላኑ መቅረቱን ተናገረ። ሰፈሩ ደስ ይበለው ይዘን ግራ ገባው፤ ያላዩት ነገር መጥፋቱን በምን ያረጋግጣሉ? አዴ ገለቴ ሬዲዮውን ይዘው ማሳቸው መሀል ቆሙ። ብርቅዬ በአጥሩ በኩል «ቀረ ተባለ እኮ» አለቻቸው። «ልጄስ?» አሉ፤ ፊታቸውን ሳያዞሩ።

ሐሙስ ብርቅዬ ስምንቱን ቁራጭ በላይኛው ጠርዛቸው ብቻ ካርቶን ላይ ለጥፋ መጋዘኑ ገባች። አዴ ገለቴ ሳይጠሩ ከኋላዋ ተከትለው ደጅ ቆሙ። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። የተጨማደደ ነው፣ ግን ሙሉ ነው። ስሙ፣ ጫማው፣ አይስክሬሙ፣ የልጆች ገንዳ፣ ሽንት ቤት።

ኢንስፔክተር ዘርሁን ብዙ አላየውም። አንዴ በዓይኑ ገረፍ አደረገውና ብዕሩን አነሳ።

«ጥሩ። ይገጥማል።»

«ይኸው ነው?»

«ምን ሌላ ትፈልጊያለሽ? ፕላኑም ቀርቷል፣ ልጁም ይወጣል።»

«አላዩትም እንኳ። እንዳወቁት ነው የሚመስለው።»

ዘርሁን ክፉ ሰው አይመስልም ነበር፤ የደከመው ሰው ነው የሚመስለው። ምናልባት ለዚህ ነው እውነቱን የተናገረው።

«የመጀመሪያ ቀን ነው ያወቅኩት። እኔ ራሴ የገበሬ ልጅ ነኝ፤ ማሳና ሱቅ እለያለሁ። ግን ሪፖርቱ ሄዶ ነበር። ፕላን በእስረኛ እጅ ተያዘ ተብሎ ሄዷል። በወረቀት የሄደ በወረቀት ካልሆነ አይመለስም።»

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ብርቅዬ ሰውየውን አንቱ ስትለው ነበር።

«አንተ» አለች። ድምጿ አስኮ አልደረሰም፤ ከጠረጴዛው ማዶም በጭንቅ ነው የተሰማው። «አንተ እያወቅክ ነው ሰበታ ድረስ ያስኬድከኝ? አንተ እያወቅክ ነው እሳቸው የልጃቸውን ስንቅ ይዘው በር ላይ ሲያለቅሱ የድንች ማሳቸውን ያሳየሃቸው? አሥራ አራት ቁጥር ማሳዎ ነው ያላቸው ማን ነው?»

«እኔ አላልኩም። እሳቸው አሉ። እኔ ዝም አልኩ።»

ብርቅዬ ዞራ ደጅ የቆሙትን አዴ ገለቴን አየች። 

ዘርሁን ደወል መታ፤ ጠባቂው ጉተማን ሊያመጣ ሄደ። ስምንቱን ቁራጭ ከነካርቶኑ ሰብስቦ ፋይል ውስጥ አስገባ።

«ያንን ስጠኝ።»

«ኤግዚቢት ነው፤ ማስረጃ። ልጁ እንዲወጣ ይሄ እዚህ መቅረት አለበት።»

«የላይኛው ቁራጭ ጀርባው ላይ እናቴ አለች።»

ቁራጩን ከካርቶኑ ገለጥ አድርጎ ጀርባውን አየ። ግራጫ ውሃ የሄደበት ነገር ነው፤ አንዲት የዓይን ጥላ ብቻ ቀርታለች።

«ምንም የለበትም።»

«ደረሰኝ ጻፍልኝ።»

ጻፈ፤ ስምንት ቁራጭ ወረቀት ተረክቤያለሁ የሚል። አንብባ መለሰችለት።

«ሰባት ወረቀትና አንድ የእናት ሥዕል ይበል።»

ከኋላዋ የሌሎች እስረኞች ቤተሰቦች ሰልፍ ሠርተዋል። ጉተማ ከስቶ፣ ጫማው ያለ ማሰሪያ፣ በር ላይ ወጥቶ ቆሟል። አዴ ገለቴ ፊቱን፣ ጆሮውን፣ ጀርባውን እየዳበሱ ጥጃ እንደሚገዛ ሰው ሙሉነቱን ያረጋግጣሉ። ከዚያ ወደ ውስጥ አዩ።

«ኢንተሎ» አሉ። ከገና ወዲህ የመጀመሪያው ነው። «ነይ እንጂ፣ ወጥቶልናል እኮ። ወረቀቱን ተይላቸው።»

«እናንተ ሂዱ አዴ። ልጁ ይብላ። እኔ እመጣለሁ።»

ዘርሁን ሰረዘና ደግሞ ጻፈ። አንድ የደበዘዘ የእናት ሥዕል።

«ማን እንዳበላሸውም ይጻፍ» አለች ብርቅዬ።

«እሱን አልጽፍም።»

ብርቅዬ ከሰልፉ ፊት ያለችውን አግዳሚ ወንበር ወደ ጠረጴዛው ጎትታ ተቀመጠች። የምሳ ሰዓት መጣ፤ ሄደ። ሰልፉ በጎኗ እየዞረ አለፈ። አዴ ገለቴ ጉተማን ቤት አስገብተው፣ የተቀቀለ ድንች በሰሃን ይዘው ተመልሰው መጡና አጠገቧ ተቀመጡ። ሁለቱ ድንች እየላጡ ሰውየውን ያዩታል። ሊወጣ ቢነሳ በሩ በእነሱ በኩል ነው። ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ብዕሩን አነሳ፤ ያበላሸው እሱ መሆኑን ከነስሙና ከነማዕረጉ ጻፈ፤ ማኅተም አደረገበት።

ብርቅዬ ሁለቴ አነበበችውና አዴ ገለቴ ማንበብ ስለማይችሉ ጮክ ብላ፣ እስረኞቹ ሁሉ እንዲሰሙት አድርጋ ለሦስተኛ ጊዜ አነበበችላቸው።